6,500 ብር የተከፈለበት ‘ኦርጅናል’ ኤርፖድስ ፕሮ 2፦ ከእውነተኛው ጋር ጅማ ላይ አመሳከርኩት

ታናሽ ወንድሜ ጅማ ውስጥ ከአንድ ሞባይል ቤት በ6,500 ብር የገዛው ‘ኦርጅናል ኤርፖድስ ፕሮ 2’ (የአፕል ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ) ፌክ ነው። ዕቃው ጭራሽ የማይረባ ነው አልልም። ሙዚቃ ያሰማል፣ ስልክ ያስወራል፣ ክዳኑም ጥሩ አድርጎ ይዘጋል። ኮፒ መሆኑ ተነግሮ በ1,500 ብር ተሽጦ ቢሆን ይህን ሁሉ ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር። የተሸጠው ግን በሌላ ዕቃ ስም ነው፤ ዋጋው የተጠራውም በዚያው ስም ነው። ቂጦ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ) የሚማር ልጅ 6,500 ብር ለማጠራቀም ስንት ነገር እንደሚቀርበት ስለማውቅ በጣም አናዶኛል። አሁን ከተማችን ውስጥ ኤርፖድ የማይሸጥ የሞባይል ቤት የለም። እኔ ደግሞ እውነተኛውንና ፌኩን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የማየት ዕድል ስላገኘሁ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። ናሙና ከምንቆላበት ክፍል ጀርባ የቡና መፈልፈያ ማሽን አለ፤ በቡና ወቅት ከጠዋት እስከ ማታ አይቆምም። ከአቅራቢዎች ጋር በስልክ የምነጋገረውም እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ የውጭ ድምፅ የሚያፍን ኤርፖድ አስፈለገኝ። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ካለ የአፕል መደብር ከነደረሰኙ ይዛልኝ መጣች። እዚህ የኔን እንደ መለኪያ፣ የወንድሜን እንደ ተመዛኝ አድርጌ ነው የምናገረው። የሁለቱም ኬዝ (ማዳመጫዎቹ የሚቀመጡበትና ቻርጅ የሚደረጉበት ሳጥን) በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ ነው። ፕሮ 2 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ በላይትኒንግ (በአፕል የድሮ የቻርጅ ሶኬት) ነበር፤ የዩኤስቢ ሲው የመጣው በ2023 ነው።

ስለ ካርቶኑ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ካርቶን ምንም አያረጋግጥም። የወንድሜ ካርቶን ላይ የጎደለ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ የጆሮ ማዳመጫው ሥዕል ከፍ ብሎ የታተመ ነው፣ ፕላስቲኩ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ‘የፊደል ስህተት ፈልጉ’ የሚለው ምክር ድሮ ይሠራ ይሆናል፤ ዛሬ ማተሚያ ቤት ችግር አይደለም። በመልክ መፍረድ ሥራዬ ብለው የያዙትን ሰዎች እንኳ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ጉምሩክ ኒውዮርክ ጆን ኤፍ ኬኔዲ አየር ማረፊያ ላይ 2,000 ‘ፌክ ኤርፖድስ’ ያዝን ብሎ ፎቶ ለቀቀ። ፎቶው ላይ ካርቶኑ በግልጽ ‘ዋንፕላስ ባድስ’ ይላል፤ ዋንፕላስ የተባለው የስልክ ኩባንያ በራሱ ስም ያመረተው ሕጋዊ ዕቃ ነበር። ጉምሩኩ በኋላም ቅርጹ የአፕልን የንግድ ምልክት መብት ይነካል ብሎ በአቋሙ ጸና። የሕግ ክርክሩን ለሕግ ሰዎች ልተወውና፣ እኔ ከዚህ የወሰድኩት በዓይን ብቻ አይቶ ‘ይሄ ኦርጅናል ነው’ ወይም ‘ይሄ ፌክ ነው’ የሚል ሰው በእርግጠኝነት እንደማያውቅ ነው።

ሲሪያል ቁጥር ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ሻጩ ለወንድሜ በካርቶኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር አፕል ዋስትና በሚያጣራበት ገጽ ላይ አስገብቶ አሳይቶታል። ገጹም ‘ኤርፖድስ ፕሮ’ ብሎ ከነሥዕሉ አወጣው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ አልተጠራጠረም፤ ማንም ቢሆን አይጠራጠርም። ነገር ግን ፌክ የሚሠራው ሰው ቁጥሩን ከራሱ አይፈጥረውም፤ ከአንድ እውነተኛ ዕቃ ላይ ይገለብጠውና በሺህ ካርቶን ላይ ያትመዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ገጹ ላይ ከሌለ ዕቃው ፌክ ነው ማለት ይቻላል፤ ቁጥሩ ስላለ ግን ኦርጅናል ነው ማለት አይቻልም። እቤት ሆኜ እኔ ደግሜ ሳስገባው ሻጩ በጣቱ ያለፈው አንድ መስመር አየሁ፦ ዋስትናው አልቋል ይላል። አፕል ለኤርፖድስ የሚሰጠው ዋስትና አንድ ዓመት ነው። ፕላስቲኩ ገና ዛሬ የተቀደደ ዕቃ ዋስትናው ያለቀው መቼ ተገዝቶ ነው?

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እውነተኛው ኤርፖድስ ከአይፎን ጋር ተገናኝቶ በብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ ሲከፈት ሲሪያል ቁጥሩ ይታያል፤ ቁጥሩን በጣት ሲነኩት የግራው፣ የቀኙና የኬዙ ተለያይቶ ይወጣል። ሦስቱም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በወንድሜ ኤርፖድ ላይ ብነካው ብነካው ያው አንድ ቁጥር ነው።

ወደ ሚዛኑ ልሂድ። የቅምሻ ክፍላችን ለእያንዳንዱ ሲኒ የሚገባውን የተፈጨ ቡና የምንለካበት እስከ 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን አለው። አፕል እያንዳንዱ የፕሮ 2 ማዳመጫ 5.3 ግራም፣ ኬዙ 50.8 ግራም ይመዝናል ብሎ በይፋ አስቀምጧል። የኔን ሳስቀምጠው ሚዛኑ ልክ እንደተጻፈው 5.3 አለ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። የወንድሜ አንደኛው 4.4፣ ሌላው 4.6 ወጣ። የሚገርመው ማነሱ ሳይሆን የግራና የቀኙ አለመመሳሰል ነው። ኬዙ ባዶውን 42 ግራም እንኳ አልሞላም። ይህ የጎደለው ክብደት አየር አይደለም፤ ባትሪ ነው፣ ማግኔት ነው፣ በየማጠፊያው ያለ ብረት ነው። ሆኖም በሚዛንም ብቻ አትፍረዱ። ትንሽ ብረት ጨምሮ ክብደት ማሟላት ከባድ ሥራ አይደለም። ቀሎ የተገኘ ፌክ ነው፤ ክብደቱ የሞላ ግን ፈተናውን ገና አልጨረሰም።

አሁን ሱቁ ውስጥ የተደረገውን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው። ሻጩ አይፎን አወጣና የኬዙን ክዳን ሲከፍት ስክሪኑ ላይ ያ የታወቀው ነጭ መስኮት ብቅ አለ፦ የኤርፖድሱ ሥዕል፣ የግራና የቀኝ ባትሪ፣ የኬዙ ባትሪ። ‘ፌክ ቢሆን ይሄ ይመጣ ነበር?’ አለው። አዎ፣ ይመጣል። ያንን መስኮት የሚያስወጣው የብሉቱዝ ምልክት ከተገለበጠ ቆይቷል፤ አሁን ርካሹ ፌክ እንኳ ያወጣዋል። እኔ በኋላ አብሬው ስሄድ የሱቁን አይፎን አየሁት፤ አይፎን 7 ነው። አይፎን 7 ከአይኦኤስ 15 (ከአይፎን ሶፍትዌር 15ኛው እትም) በላይ አያልፍም። አፕል ‘ይህ ዕቃ እውነተኛ ኤርፖድስ መሆኑን ማረጋገጥ አልተቻለም’ የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያስገባው ደግሞ በአይኦኤስ 16 ነው። ሻጩ ይህን አውቆ ይሁን ሳያውቅ ልፈርድበት አልችልም፤ ነገር ግን ፈተናው የተደረገው መፈተን በማይችል ስልክ ነው። እኔ አይፎን 13 ላይ ክዳኑን ስከፍተው ማስጠንቀቂያው ወዲያው መጣ። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ በተቻለ መጠን አይኦኤስ 16ና ከዚያ በላይ የተጫነበት አይፎን ያለው ወዳጅ ይዛችሁ ሂዱ። የሱቁን ስልክ አትጠቀሙ። ማስጠንቀቂያው ካልመጣም ‘በቃ ኦርጅናል ነው’ ብላችሁ አትቁሙ፤ ይህን የሚያልፉ ፌኮችም ስላሉ ወደ ጆሮ ፈተና እለፉ።

ለኔ ዋናው ፈተና የጆሮው ነው። ካርቶን፣ ቁጥር፣ መስኮትና ክብደት በትንሽ ገንዘብ ይገለበጣሉ። ኖይዝ ካንስሌሽን የሚባለውን ድምፅ ማፈኛ በ1,500 ብር እንደ እውነተኛው አድርጎ መገልበጥ ግን ከባድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማዳመጫው ላይ ያለው ማይክ የውጩን ድምፅ ይሰማል፤ ውስጥ ያለው ቺፕ የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ወዲያው ሠርቶ ጆሮ ውስጥ ይለቃል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ‘ወዲያው’ የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሩ። ጥቂት ከዘገየ ድምፁ መጥፋቱ ቀርቶ ሌላ ድምፅ ይጨመራል። ለዚህ ነው አፕል ፕሮ 2 ውስጥ ኤች 2 ያለውን የራሱን ቺፕ ያስገባው፤ ውድ የሆነውም በዚህ ነው።

ይህ ዘዴ የሚያፍነው በተለይ ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ነው፦ ጀነሬተር፣ የመኪና ሞተር፣ የመፈልፈያ ማሽን። የሰው ንግግርና የሕፃን ልቅሶ ግን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ጸጥታ ባለበት ቆሞ ‘ኖይዝ ካንስሊንግ አለው’ ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም። እኔ ማሽናችን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነው የሞከርኩት። መጀመሪያ የኔን ሰካሁ፤ ሙዚቃ አልከፈትኩም፤ ማፈኛው ጠፍቷል። ከዚያ ግንዱን (ከጆሮ ወደ ታች የሚወርደውን ክፍል) ጫን አድርጌ አበራሁት። የማሽኑ ጉምጉምታ ከሥር ተነቅሎ ሄደ፤ የቀረው ፍሬው ከብረቱ ጋር ሲጋጭ የሚያሰማው ቀጭን ጭርጭርታ ብቻ ነበር። ደግሜ አጠፋሁት፤ ጉምጉምታው ተመልሶ መጣ። ልዩነቱን ለመስማት ቀማሽ ጆሮ አያስፈልግም።

ከዚያ የወንድሜን ሰካሁ። የስልኩ ሜኑ ላይ ‘ኖይዝ ካንስሌሽን’፣ ‘ትራንስፓረንሲ’ (የውጭ ድምፅ ማስገቢያ)፣ ‘ኦፍ’ የሚሉት ሁሉም አሉ። እየቀያየርኩ ሰማሁ። ‘ኦፍ’ እና ‘ኖይዝ ካንስሌሽን’ መካከል የተለየ ነገር የለም፤ ማሽኑ በሁለቱም ያው ነው። ‘ትራንስፓረንሲ’ ሲደረግ የማያቋርጥ ሽሽታ ይጨምራል፤ አጠገቤ ያለው ሠራተኛ ሲያናግረኝም ድምፁ በቴሌቪዥን የሚመጣ ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ወንድሜ ‘አይደለም፣ እኔ ስሰካው የባጃጅ ድምፅ ይቀንሳል’ ብሎ ተከራክሮኛል። ልክ ነው፣ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ጆሮ የሚደፍነው ሲሊኮን ነው። ጆሮን በጣት ስንደፍነውም ድምፅ ይቀንሳል፤ ያ ኤሌክትሮኒክስ አይደለም። ፈተናው መሰካትና መንቀል ሳይሆን እንደተሰካ ማብራትና ማጥፋት ነው። መፈልፈያ ማሽን የሌለው ሰው አንዲት ባጃጅ ትበቃዋለች። ሞተሯ እየሠራ ከኋላ ይቀመጥና ሙዚቃ ሳይከፍት እየቀያየረ ይስማ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። እውነተኛውን ፕሮ 2 ከጆሮ ስታወጡት ሙዚቃው ይቆማል፤ ውስጡ ያለው ሴንሰር የሰው ቆዳን ከሌላ ነገር የሚለይ ነው። የወንድሜም ይቆማል። ነገር ግን አውጥቼ ሴንሰሩን በጋቢ ጫፍ ሸፈን ሳደርገው ‘ጆሮ ገባሁ’ ብሎ መዝፈን ጀመረ። የኔን በዚያው ጋቢ ብሸፍነው ዝም አለ። ይህን ሱቅ ውስጥ በኪሳችሁ ወይም በነጠላችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

የጆሮው ሲሊኮንም እንዲሁ ይናገራል። የእውነተኛው ሥሩ ሞላላ ነው፤ ሲገባ ‘ቀጭ’ ብሎ ይቆለፋል፣ ለማውጣትም ጠንከር አድርጎ መሳብ ይፈልጋል፣ ውስጡም ስስ ወንፊት አለው። ካርቶኑ ውስጥ በአራት መጠን ይመጣል። የወንድሜ በሦስት ነው፤ ሲስቡት እንዲሁ ሾልኮ ይወጣል፤ አንዱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጆሮው ውስጥ መቅረት ጀምሯል። ግንዱን ጫን ሲያደርጉት የእውነተኛው ጆሮ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ የፌኩ ሳይጫኑት በመንካት ብቻ ስለሚሠራ ፀጉር በነካው ቁጥር ሙዚቃ ይዘላል።

ማይኩ ደግሞ ቤተሰቤን ያስመረረ ነው። እናታችን ከወንድሜ ጋር ስታወራ ‘ልጄ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ ያለኸው?’ ትለዋለች። ከመርካቶ ሆኖ ሲደውል የሱ ድምፅ ከሰው ጫጫታ ጋር እኩል ነው የሚሄደው። እኔ በማሽኑ አጠገብ ሆኜ በኔ ስደውልላት ማሽን መኖሩን እንኳ አታውቅም ማለት አልችልም፤ ትሰማዋለች፤ ግን የምናገረውን አንድም ቃል አታጣም።

ባትሪውን ከሥራ ጋር ሆኜ ነው የለካሁት። አፕል ለፕሮ 2 ድምፅ ማፈኛው በርቶ እስከ 6 ሰዓት፣ ከኬዙ ጋር እስከ 30 ሰዓት ይላል። የኔ ከጠዋት ቅምሻ ጀምሮ ምሳን አልፎ ይሄዳል። የወንድሜ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ዘለግ ሲል የቀኙ ይጠፋል፤ የግራው ለብቻው ይቀራል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ኬዙ ቻርጅ ላይ ሆኖ እየሞቀ ስለሆነ ሌሊት ተሰክቶ እንዳይድር ነግሬዋለሁ፤ ስለ ውስጡ ባትሪ ምንም የሚያረጋግጥ ምልክት የለውም።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ ጆሮው ነው። ወንድሜ ባጃጅ ውስጥ ሲሆን የውጩ ድምፅ ስለማይታፈንለት ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል የሆነን ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል ይላል፤ 90 ዴሲቤል ሲሆን ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። ጥሩ ድምፅ ማፈኛ ያለው ኤርፖድ ዋጋው ለቅንጦት ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛ ድምፅ መስማት ያስችላል። ‘ማፈኛ አለው’ ተብሎ የተሸጠ፣ ማፈኛ የሌለው ዕቃ ልጁን በየቀኑ ድምፅ እንዲጨምር ያደርገዋል። ጆሮ ደግሞ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም።

እንግዲህ ምን ይገዛ? በግልጽ ልናገር፦ ስልካችሁ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም ሳምሰንግ ከሆነ እውነተኛ ኤርፖድስም ቢሆን አትግዙ። ከአንድሮይድ ጋር እንደ ተራ ብሉቱዝ ነው የሚገናኘው፤ መስኮቱ፣ ሴቲንጉ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያው ሁሉ ለአይፎን ነው። ፕሮ 2 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 249 ዶላር ነበር፤ በዛሬው ምንዛሪ ከ30 ሺህ ብር ይበልጣል። አፕል ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ መደብር የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ‘ኦርጅናል ፕሮ 2፣ አዲስ፣ 6,500’ ሲላችሁ ሌላ ምንም ፈተና ሳያስፈልግ ዋጋው ራሱ ነግሯችኋል።

ወንድሜ የሚይዘው ቴክኖ ነው። በ6,500 ብር ፌክ ኤርፖድስ ከሚገዛ በዚያው ገንዘብ ወይም በግማሹ የራሱ ስም ያለው እውነተኛ ዕቃ ይገኝ ነበር። ኦራይሞ አለ፤ ቴክኖንና ኢንፊኒክስን የሚያመርተው ትራንሽን የተባለው ኩባንያ የስልክ ተጓዳኝ ዕቃዎች ብራንድ ነው፣ ጅማም በየቤቱ አለ። የሻኦሚ ሬድሚ ባድስ አለ። ገንዘቡ ከፍ ካለ የሳምሰንግ ጋላክሲ ባድስ ኤፍኢ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ እውነተኛ ድምፅ ማፈኛ ያለው ነው። እነዚህም ፌክ አላቸው፤ ኦራይሞ እንኳ ይገለበጣል። ግን ማጣሪያቸው ለኛ ይቀላል። ሻኦሚ ብዙ ዕቃዎቹ ላይ የሚፋቅ ባለ 20 አሃዝ ቁጥር ይለጥፋል፤ ኦራይሞም የሚፋቅ ማረጋገጫ አለው። ፍቃችሁ በኩባንያው ድረ ገጽ ታስገባላችሁ። ተፍቆ የቆየ ከሆነ አትቀበሉ። ገጹን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱት እንጂ ካርቶኑ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ አትከተሉ፤ ፌኩ ወደ ራሱ ፌክ ገጽ ሊወስዳችሁ ይችላል። ጋላክሲ ባድስ ደግሞ ጋላክሲ ዌረብል የሚባለው መተግበሪያ ውስጥ ሞዴሉ ታውቆ መከፈት አለበት። መተግበሪያው ካላወቀው ‘ኔትወርክ ነው’ ሲሏችሁ አትቀበሉ።

ስለ ሱቆቹ። ወንድሜ የገዛበትን ቤት ስም አልጠራም። አብሬው ሄጄ ሻጩን በሰላም ነበር ያናገርኩት።

‘እህቴ፣ ይሄ እኮ ማስተር ነው’ አለኝ።

‘ማስተር ኮፒ ማለትህ ነው?’

‘ያው ነው፤ ኦርጅናሉ የሚወጣበት ፋብሪካ ነው የሚሠራው።’

‘ለሱ ስትሸጥለት ግን ኮፒ አላልከውም።’

‘ሰው ሁሉ ዋጋውን አይቶ ያውቃል ብዬ ነዋ።’

ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ ዋጋውን አይቶ አላወቀም። የጅማን ቡና ‘ይርጋጨፌ’ የተጻፈበት ጆንያ ውስጥ ጨምሮ በይርጋጨፌ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ‘ቀማሽ ቢሆን ያውቅ ነበር’ ሊል አይችልም። ከተከፈተ አይመለስም ብሎ ገንዘቡን አልመለሰም፤ ደረሰኝም ስላልቆረጠልን ወደየትም ልንወስደው አልቻልንም።

ከዚያ ወዲህ ግን ሂርማታ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት አገኘን፤ ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። መስታወቱ ውስጥ ኮፒውንና ኦርጅናሉን በተለያየ መደርደሪያ ነው ያስቀመጡት። ‘ጋሼ፣ ይሄ ነጩ ኤርፖድ ኦርጅናል ነው?’ ስላቸው ‘አይ ልጄ፣ ይሄ ኮፒ ነው፣ 1,400 ነው፤ ለስድስት ወር ያህል ያገለግልሻል፣ ከዚያ በላይ አልዋሽሽም’ አሉኝ። ወንድሜ ኦራይሞውን ሲመርጥ ቁጥሩን እዚያው አስፍቀው፣ በራሱ ስልክ አስገብቶ እስኪያይ ጠበቁት። ከዚያ ውጭ ወጥቶ ባጃጅ አጠገብ ቆሞ ሲያዳምጥ ዕቃውን ይዞ ይጠፋል ብለው አልተጨነቁም። 3,200 ብር ከፈልን፤ ደረሰኙ ላይ የሞዴሉን ስምና ‘ኦርጅናል’ የሚለውን ቃል ጻፉልን፤ የስድስት ወር ዋስትናም አስቀመጡበት። ቅር ያለኝ ክፍያው ላይ ነው፤ በሞባይል ስትከፍሉ ትንሽ ያስጠብቃሉ። ሌላ እንከን አላየሁም። የኦራይሞው ድምፅ ማፈኛ ከፕሮ 2 ጋር አይወዳደርም፤ የመፈልፈያ ማሽኑን ግማሽ ያህል ነው የቀነሰው። ግን ቀነሰው፤ ሲበራና ሲጠፋ ልዩነቱ ይሰማል። ባትሪውም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ብዙ አልራቀም።

‘ሳትገዙ አትሞክሩ’ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን አስታውሱ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ጥራቱን ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም። እኔ ለመጣላት አይደለም ይህን የምለው፤ ሰው መብቱን ሲያውቅ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚያጣራው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው፦ ‘ደረሰኙ ላይ ኦርጅናል ብለህ ትጽፍልኛለህ?’ ኮፒ የያዘ ሻጭ እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል።

ወደ ሂርማታው ቤት የምትሄዱ ከሆነ ሐሙስ አትሂዱ። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱም ሱቁም ይጨናነቃል፣ ጋሼም ተረጋግተው ሊያስሞክሯችሁ አይችሉም። በሌላ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይጀምር ሂዱ፤ ስልካችሁን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ዳታም ሞልታችሁ።